የጽሕፈት ቤት ስልክን በማዋቀሪያ ፋይል ስለ ማደራጀት

ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ የንግድ ቤቶች የቀረበ ትምህርት

የነጋዴ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ በቃል የሚሠራ ነው። ዕቃው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ዋጋው በቃል ይቈረጣል፤ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ቀኑ በቃል ይወሰናል። ሰቆጣ በአሞሌ ጨው ገበያዋ በታወቀችበት በቀድሞው ዘመን የገበያ ወሬ የሚጓዘው በሲራራ ነጋዴ እግርና በበቅሎ ፍጥነት ልክ ነበር። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፥ በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ በየጊዜው እየተስፋፋ ሄደ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የኢንተርኔት አገልግሎት ተጀመረ። ዛሬ ስልክና ኢንተርኔት በአንድ ሽቦ ላይ የሚሠሩ ሆነዋል። ስለዚህ የጽሕፈት ቤት ስልክ አሠራር የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ መዝገብ የሚጠብቅ ጸሐፊም ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት ሆኗል።

የነገሩ አስፈላጊነት

ለምሳሌ ያኽል በሰቆጣ ከተማ ማር፥ ፍየልና እህል የሚነግድ አንድ ቤት ይታሰብ። ጽሕፈት ቤቱ በዋናው መንገድ ዳር ነው፤ መጋዘኑና ሚዛን ቤቱ በግቢው ጀርባ ናቸው፤ በደሃና ወረዳ በአምደወርቅ ደግሞ አንድ ወኪል አለው። ከወልድያ የመጣ ገዢ በገንዘብ ያዡ መስኮት ቆሞ በመጋዘን ስንት ኪሎ ማር እንዳለ ይጠይቃል። ተላላኪው ሮጦ ሄዶ የመጋዘኑን ኃላፊ አጥቶ ይመለሳል፤ እንደ ገና ይላካል። ገዢው መንገዱ ሳይመሽበት መነሣት ስላለበት ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ማሩ በመጋዘን ሞልቶ ሳለ ሽያጩ በመልስ መዘግየት ምክንያት ይቀራል።

ይህ ቤት 12 የኢንተርኔት ስልኮች ገዝቶ፥ ባለሙያ አስመጥቶ፥ እያንዳንዱን ስልክ በእጅ ቁልፉን እየነካ ቢያስተካክል ስልኮቹ ለጊዜው ይሠራሉ። ነገር ግን ባለሙያው ወደ መጣበት ከተመለሰ በኋላ መብረቅ አንዱን ስልክ ቢያቃጥል፥ ወይም የማዞሪያው አድራሻ ቢለወጥ፥ በስልኮቹ ውስጥ ምን እንደ ተሞላ የሚያውቅ ሰው በቤቱ አይገኝም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል። የስልኩ ትእዛዝ ሁሉ በፋይል ተጽፎ ቢቀመጥ ግን የተቃጠለውን ነቅሎ ተመሳሳይ ስልክ መተካት የአንድን ፋይል ስም ከመለወጥ የበለጠ ድካም አይጠይቅም። ባለሙያዎች ኮንፊገሬሽን ፋይል የሚሉት፥ በዚህ ጽሑፍ የማዋቀሪያ ፋይል የተባለው ይኸው ነው።

የኢንተርኔት ስልክ ምንድን ነው?

የቀድሞው ስልክ ድምፅን በአንድ ጥንድ ሽቦ እንደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ያስተላልፍ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፅን ወደ አኃዝ ለውጦ፥ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 50 ትንንሽ እሽጎች አድርጎ፥ የኮምፒዩተር መረጃ በሚሄድበት መሥመር ይልካል። ጥሪውን የሚያስነሣውና የሚዘጋው የመነጋገሪያ ሥርዐት ሲፕ ይባላል፤ ዛሬ የሚሠራበት ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቷል።

ጥሪዎቹን የሚያገናኘው ማዞሪያ በቀድሞው ጊዜ ሴቶች ኦፕሬተሮች ሶኬት እየነቀሉ የሚተክሉበት ሰሌዳ ነበር፤ አሁን ግን በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሆኗል። ከነዚህም ፕሮግራሞች አንዱ ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው አስተሪስክ ነው፤ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ ስለ ሆነ ለመካከለኛ የንግድ ቤት ይስማማል። ይህ ማዞሪያ ደዋዩን በአማርኛም በኽምጣናም በተቀዳ ድምፅ ሰላምታ ሰጥቶ ወደሚፈልገው ክፍል ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ይህም ከገጠር ለሚደውለው ገበሬና ማር ቆራጭ ትልቅ ክብር ነው።

የመሥመሩም አቅም አስቀድሞ ሊሰላ ይገባል። ጂ 711 የተባለው የድምፅ ዘዴ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ይፈልጋል፤ የእሽጉ መጠቅለያ ሲታከልበት ወደ 87 ይደርሳል። ጂ 729 የተባለው ድምፁን አጥብቆ ስለሚጨምቅ 8 ኪሎ ቢት ብቻ ይፈልጋል፤ ከመጠቅለያው ጋራ ግን ወደ 31 ይሆናል። በግቢ ውስጥ መሥመሩ ሰፊ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ይመረጣል። ከአምደወርቅ ወኪል ጋራ በኢንተርኔት ለመነጋገር ግን ሁለተኛው ይሻላል፤ አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢነጋገሩ በመጀመሪያው ዘዴ በየአቅጣጫው 435 ኪሎ ቢት፥ በሁለተኛው 155 ኪሎ ቢት ያኽል ይወስዳሉና።

ስልኩ ፋይሉን የሚያገኝበት መንገድ

ነገሩን ለመረዳት ከሌላ አገር ወደ ሰቆጣ የተሾመ አዲስ ሠራተኛን ማሰብ ይጠቅማል። ሠራተኛው በመጀመሪያ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ መዝገብ ቤቱ የት እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ በመዝገብ ቤት በስሙ የተጻፈውን ደብዳቤ ይቀበላል፤ በመጨረሻም ደብዳቤውን ይዞ ለአለቃው ሪፖርት ያደርጋል። የኢንተርኔት ስልክም በዚሁ ተራ ይሄዳል።

አንደኛ፤ ስልኩ ስዊች ከሚባለው የመሥመር ማከፋፈያ ጋራ ሲያያዝ ኃይል ያገኛል። ኃይል አከፋፋይ ስዊች ቢገዛ ኤሌክትሪኩም ድምፁም በአንድ ኬብል ስለሚሄዱ ለየስልኩ ሶኬት መፈለግ ይቀራል።

ሁለተኛ፤ ስልኩ ዲ ኤች ሲ ፒ ከሚባለው አድራሻ አዳይ የራሱን አድራሻ ይቀበላል። አዳዩም በዚያው ጊዜ ፋይሉ የሚገኝበትን ቦታ ይነግረዋል። ይህ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ አማራጭ 66 በተባለው መስክ ይጻፋል፤ የሲስኮ ስልኮች ደግሞ አማራጭ 150 ይጠቀማሉ። ባለሙያው ይህን አንድ መስመር ከረሳ ስልኩ ማደሪያ አግኝቶ መዝገብ ቤቱን እንዳጣ ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ስልኩ ወደ ተነገረው ሰርቨር ሄዶ በስሙ የተቀመጠውን ፋይል ይጠይቃል። የስልኩ ስም በጀርባው የታተመው የማክ አድራሻ ነው። ይህም 12 ምልክቶች ያሉት፥ ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት የላቲን ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን፥ ስልኩን ከሌሎች ስልኮች የሚለይ መታወቂያ ነው። የየሊንክ ስልክ ፋይሉን በዚሁ አድራሻ በትንንሽ ፊደል ይጠራል፤ ግራንድስትሪም ከፊቱ ሲ፥ ኤፍ፥ ጂ የሚሉትን ፊደላት ይጨምራል፤ ሲስኮ ኤስ፥ ኢ፥ ፒ የሚሉትን ጨምሮ በትልልቅ ፊደል ይጽፋል።

አራተኛ፤ ስልኩ ባገኘው ፋይል መሠረት የውስጥ ቁጥሩንና የምስጢር ቃሉን ለማዞሪያው አቅርቦ ይመዘገባል። ከዚህ በኋላ ለመደወልም ለመቀበልም ዝግጁ ነው።

የጋራ ፋይልና የግል ፋይል

በየሊንክ ስልኮች ዘንድ ፋይሉ ሁለት ዐይነት ነው። የጋራው ፋይል ለአንድ ሞዴል ስልኮች ሁሉ የሚሠራውን ይይዛል፤ የግሉ ፋይል የአንዱን ስልክ ብቻ ይይዛል፤ ሁለቱ ቢቃረኑ የግሉ ይጸናል። በሲስኮ ግን ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ሙሉ ፋይል ስለሚያስፈልግ፥ አንድ ናሙና አዘጋጅቶ ከዚያ መገልበጥ ይገባል።

በጋራው ፋይል የሚጻፉት የማዞሪያው አድራሻ፥ የድምፁ ዘዴ፥ ሰዓቱ የሚቀዳበት ሰርቨር፥ የአደዋወሉ ደንብና የአስተዳዳሪው የምስጢር ቃል ናቸው። ደንቡም ይህ ነው፦ ለሁሉ የሚሆነው ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። የማዞሪያው አድራሻ በ12 ፋይሎች ቢጻፍ በተለወጠ ጊዜ 12 ፋይሎች ይታረማሉ፤ ከነዚያም አንዱ ይረሳል። በጋራው ፋይል ብቻ ቢጻፍ ግን እርማቱ አንድ መስመር ነው።

የግሉ ፋይል አጭር ነው። የመጋዘኑ ስልክ ፋይል በአማርኛ ቢተረጐም ይህን ይመስላል፦

የውስጥ ቁጥር፦ 201
በመስኮቱ የሚታይ ስም፦ መጋዘን
የመመዝገቢያ ስም፦ 201
የምስጢር ቃል፦ ለዚህ ስልክ ብቻ የተሰጠ ረጅም ቃል
የመጀመሪያ ፈጣን ቁልፍ፦ ገንዘብ ያዥ፥ 103

የግዕዝን ፊደል የማያሳይ ስልክ ሲያጋጥም ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፋል።

ስለ ቁጥር አሰጣጥ

ቁጥሩ የሥራውን ክፍል ቢያመለክት ለማስታወስ ይቀላል። ለጽሕፈት ቤቱ ከ100 ጀምሮ፥ ለመጋዘኑና ለሚዛን ቤቱ ከ200 ጀምሮ፥ ለአምደወርቁ ወኪልና ወደ ፊት ለሚከፈቱት ቅርንጫፎች ከ300 ጀምሮ መስጠት ይቻላል። በኢትዮጵያ በአገር ውስጥ የሚደወለው ሙሉ ቁጥር በ0 ጀምሮ 10 አኃዝ ያለው ስለ ሆነ፥ በ1፥ በ2 ወይም በ3 ከሚጀምረው ባለ ሦስት አኃዝ የውስጥ ቁጥር ጋራ አይጋጭም። በ9 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ግን ከቶ አይሰጥ፤ ፖሊስ በ991፥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራሉና። ሰው በታመመበት ሌሊት 907 የደወለ ዘበኛ የሚዛን ቤቱን ስልክ እንዲያስጮኽ ማድረግ ይቅር የማይባል ስሕተት ነው።

ስለ ሰዓት

ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ፋይሉ ላይ ሲደመር 3 ተብሎ ቢጻፍ ጧት በ2 ሰዓት ስልኩ 8 ያሳያል። የቤቱ ሠራተኞች በአገሩ አቈጣጠር እንዲያዩት ከተፈለገ ሲቀነስ 3 ተብሎ ይጻፋል፤ በዚህ ጊዜ ስልኩ 2 ያሳያል፤ ቀኑም እንደ አገሩ ልማድ ሲነጋ ይለወጣል። ይህ ሲደረግ ግን የማዞሪያው የጥሪ መዝገብ በሲደመር 3 ስለሚቀር በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት ይኖራል። ስንት ሰዓት ላይ ዋጋ እንደ ተነጋገሩ ክርክር በተነሣ ጊዜ ይህ ልዩነት እንዳያሳስት በመዝገብ ይጻፍ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

የመጀመሪያው የስም ስሕተት ነው። ከማክ አድራሻው ላይ 8ን ቢ፥ ወይም ቢን 8 ብሎ ያነበበ ጸሐፊ ፋይሉን ለሌለ ስልክ ይጽፋል። እንዲሁም ሰርቨሩ በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፤ በትንሹ የተጠየቀውን ፋይል በትልቁ ከተሰየመ አያገኘውም።

ሁለተኛው የፋይል አጻጻፍ ስሕተት ነው። የየሊንክ ፋይል በመጀመሪያው መስመር የሥሪቱን ምልክት ካልያዘ ስልኩ አይቀበለውም። በሲስኮ ፋይል ደግሞ የተከፈተ ምልክት ሁሉ መዘጋት አለበት፤ አንዱ ሳይዘጋ ቢቀር ፋይሉ በሙሉ ይበላሻል።

ሦስተኛው ለሁለት ስልኮች አንድ ቁጥር መስጠት ነው። ለሚዛን ቤቱ የተደወለው በጽሕፈት ቤቱ ይጮኻል፤ ወይም አንዱ ስልክ ሌላውን ከመዝገቡ ያስወጣዋል።

አራተኛው ፋይሉን አርሞ ስልኩን አለማሳወቅ ነው። ስልኩ አዲሱን ፋይል የሚያነበው ከማዞሪያው ትእዛዝ ሲደርሰው፥ በተወሰነለት ጊዜ ወይም ጠፍቶ ሲበራ ነው።

እንግዲህ ስልክ እምቢ ባለ ጊዜ ሳይደናገጡ በተራ መመርመር ይገባል። መብራት አለውን? አድራሻ አገኘን? ፋይሉን ጠየቀን? ተመዘገበን? ድምፁ በሁለቱም ወገን ይሰማልን? የሰርቨሩ መዝገብ ስልኩ የትኛውን ፋይል እንደ ጠየቀ በቀንና በሰዓት ስለሚያሳይ ከግምት ያድናል። ጥሪው ተያይዞ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ፥ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ድምፁን በሚያሳልፈው ራውተር ወይም የመሥመር ጥበቃ ላይ ይገኛል።

ስለ ምስጢር ጥበቃ

የማዋቀሪያ ፋይል የምስጢር ቃል የያዘ ስለ ሆነ እንደ ካዝና ቁልፍ ይጠበቅ። ቲ ኤፍ ቲ ፒ የተባለው የጥንት የፋይል መላኪያ ጠያቂውን ማንነት አይጠይቅም፤ ፋይሉንም ሳይሸሽግ ይልካል። ስለዚህ ስልኩ የሚችል ከሆነ ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ ይመረጥ፤ ካልቻለም ስልኮቹ እንግዳ በማይገባበት የተለየ መሥመር ላይ ይሁኑ። ከፋብሪካ የመጣው የአስተዳዳሪ የምስጢር ቃል በመጀመሪያው ቀን ይለወጥ። ሠራተኛ ሲሰናበት የስልኩ የምስጢር ቃል ይታደስ።

ማዞሪያውን ለኢንተርኔት ሁሉ ክፍት አድርጎ መተው እጅግ አደገኛ ነው። ሌቦች በሌሊት ደካማ የምስጢር ቃል ፈልገው ገብተው ወደ ውጭ አገር ይደውላሉ፤ ሒሳቡም በባለቤቱ ስም ይመጣል። የውጭ አገር ጥሪ በ00 ስለሚጀምር፥ ሥራቸው ከማይጠይቀው ስልኮች ሁሉ ላይ ይህ በማዞሪያው ይዘጋ። የሩቁ ወኪልም በተመሰጠረ የግል መሥመር ብቻ ይግባ።

ስለ መብራትና ስለ መሥመር መቋረጥ

የደጋው የክረምት መብረቅ የታወቀ ነው። የመዳብ የኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ ሊዘረጋ አይገባም፤ በሁለት ሕንፃዎች መካከልም መብረቅ ያመጣውን ኃይል ይዞ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከጽሕፈት ቤት ወደ መጋዘን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው የፋይበር መሥመር ቢዘረጋ ይሻላል። ማዞሪያው፥ ሰርቨሩና ስዊቹ በባትሪ መጠባበቂያ ላይ ይሁኑ፤ እነዚህ ከቆሙ የደኅና ስልኮች ሁሉ ድምፅ ይጠፋል።

ማዞሪያውን የት ማኖር እንደሚገባ ሲወሰንም የአካባቢው ታሪክ ይታሰብ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የስልክና የኢንተርኔት መቋረጥ በዋግ ኽምራ ምን ያኽል ጭንቀት እንዳመጣ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ማዞሪያው በውጭ አገር በኪራይ ሰርቨር ላይ ቢሆን፥ ኢንተርኔት በተቋረጠ ሰዓት ገንዘብ ያዡ በሃምሳ ርምጃ ላይ ያለውን መጋዘን ማነጋገር ይሳነዋል። ማዞሪያውና የፋይሉ ሰርቨር በግቢው ውስጥ ቢሆኑ ግን የውጭው ጥሪ ቢቀርም የውስጡ አይቋረጥም።

ስለ ሕግ

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004ም በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን የሚያስቀጣ አደረገ። ከዚያ በኋላ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀመረ። ነጋዴው በገዛ ግቢው ሠራተኞቹን ማገናኘቱ ሌላ፥ ጥሪ ለሕዝብ መሸጥ ሌላ ነው። ማዞሪያውን ከውጭው የስልክ መሥመር ጋራ ለማያያዝ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ካለው አገልግሎት ሰጪ ጋራ ይዋዋል፤ ጥርጣሬ ያለበትም ባለሥልጣኑን ይጠይቅ።

የመዝገቡ አያያዝ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጸሐፊው አንድ የወረቀት መዝገብ ይክፈት። በየስልኩ አንጻር የውስጥ ቁጥሩ፥ የተቀመጠበት ክፍል፥ ሞዴሉ፥ የማክ አድራሻውና ፋይሉ የታረመበት ቀን ይጻፍ፤ የምስጢር ቃሉ ግን በዚህ መዝገብ አይጻፍ። የፋይሎቹ ግልባጭ በተለየ ዕቃ ተቀድቶ በካዝና ይቀመጥ። እርማት በተደረገ ቁጥር አሮጌው ፋይል ሳይጠፋ በቀኑ ተሰይሞ ይቈይ፤ አዲሱ ቢሳሳት ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላልና። እርማቱም በመጀመሪያ በአንድ ስልክ ተፈትኖ፥ ደኅና መሆኑ ከታየ በኋላ ለሁሉ ይዳረስ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የሚዛን ቤቱ ስልክ ተቃጥሎ ተመሳሳይ ሞዴል ቢተካ በፋይሉ ላይ ምን ይደረጋል? መልስ፦ የአሮጌው ፋይል ግልባጭ በአዲሱ ስልክ የማክ አድራሻ ይሰየማል፤ አሮጌው ከሰርቨሩ ይነሣል፤ መዝገቡም ይታረማል።

2. የማዞሪያው አድራሻ ቢለወጥ የትኛው ፋይል ይታረማል? መልስ፦ የጋራው፤ ከዚያም ስልኮቹ እንዲያነቡት ይታዘዛሉ።

3. ስልኩ በርቶ አድራሻም አግኝቶ፥ ሰርቨሩ ግን ከእርሱ ምንም ጥያቄ ያልደረሰው ከሆነ በመጀመሪያ የት ይታያል? መልስ፦ ፋይሉ የሚገኝበትን ቦታ በሚነግረው አማራጭ 66 ወይም 150 ላይ።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ባለሙያ ሳይጠራ የሚመልስ ጸሐፊ ያለው የንግድ ቤት፥ ገዢ በመስኮቱ ቆሞ የመጋዘኑን ልክ በጠየቀ ጊዜ ተላላኪ ሳይሮጥ መልስ ለመስጠት ይችላል።